ሚኪ ማውስ ለምን ድብ ሆኖ ይወጣል? ካርቱን ስንስል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንዱን መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ቆም ብላችሁ እዩት። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሚኪ ማውስ አለበት። ጆሮዎቹ ጭንቅላቱ ውስጥ ሰምጠዋል፣ አንድ ዓይኑ ወደ ጠባሴ ያያል፣ ሌላኛው ወደ አንኮበር። ሕፃናቱ ይወዱታል፤ እሱ ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ልጁ ቤቱ ገብቶ ይህንኑ ሲስል ነው።

ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ የሰፈር ልጆች እኔ ጋ መጥተው ይስላሉ። አብዛኞቹ የሚወዱትን ካርቱን ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ ምስል ከስልክ ላይ አግኝተው ነው የሚመጡት። አንደኛ ክብ፣ ሁለተኛ መስመር፣ ሦስተኛ ጆሮ እያለ የሚሄደውን ማለቴ ነው። ምስሉ ልክ ነው፤ የሚወጣው ሥዕል ግን ሌላ ነው። ምክንያቱን ላስረዳችሁ። ምሳሌዬ ሚኪ ይሁን፤ ቦርሳውም ላይ ሹራቡም ላይ ያለው እሱ ነው። ቶምን ወይም ጄሪን የምትስሉ ከሆነም ነገሩ ያው ነው።

ከዓይን መጀመር

ዋናው ስህተት ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ልጅ እርሳስ እንደያዘ የሚስለው ዓይን ነው። አይፈረድበትም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን እንኳ ጻድቁን በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ፊት ለፊት፣ ክፉውን በአንድ ዓይን በጎን አድርገው ነው የሚያሳዩት። የሰውየውን ጠባይ የምናነበው ከዓይኑ ነው። ሲሳል ግን ተራው ወደ መጨረሻ ነው።

ለምን ብትሉ፣ አንዱን ዓይን አሳምራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ የሁለተኛውን ቦታ የሚነግራችሁ ነገር የለም። በግምት ታስቀምጡታላችሁ። አፍንጫው በመካከላቸው ይሸጎጣል። አፉ በተረፈው ቦታ ይጨናነቃል። ጭንቅላቱ መጨረሻ ላይ በነዚህ ሁሉ ዙሪያ ይጠመጠማል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ያምራል፤ አንድ ላይ ሲሆን ግን ሚኪ አይደለም።

መጀመሪያ ክብ ሳሉ፤ ጭንቅላቱ እሱ ነው። ክቡ ላይ ሁለት መስመር አስምሩ፣ አንዱን በቁም፣ አንዱን በአግድም። ዓይኖቹ ከአግድሙ መስመር በላይ ይቀመጣሉ፣ አፍንጫው ከሥሩ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ይሠራዋል። ስህተቱ መስመሮቹን በማስመሪያ ቀጥ አድርጎ ማስመሩ ላይ ነው። ያኔ ሚኪ ወደ ጎን መዞር ያቅተዋል፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

ብርቱካን አምጡና በእስክርቢቶ ዙሪያውን አስምሩበት፤ አንድ መስመር በቁም፣ አንድ መስመር በአግድም። ፊት ለፊታችሁ ስትይዙት መስመሮቹ ቀጥ ብለው ይታያሉ። አሁን ወደ ግራ ትንሽ አዙሩት። የቁሙ መስመር ወደ ግራ ጎበጠ። ቀና አድርጉት፤ የአግድሙ ወደ ላይ ጎበጠ። ሚኪ ወደ ጎን ሲያይ አፍንጫውም አፉም የሚሄዱት በዚያ በጎበጠው መስመር ላይ ነው። ራቅ ያለው ዓይን ደግሞ ከቀረበው ጠበብ ይላል። ብርቱካኑን ያየ ልጅ ይህን ሁለተኛ አይረሳውም፤ ከዚያ ልጦ ይበላዋል።

ጆሮዎቹ ግን ለዚህ ሕግ አይገዙም። ሚኪ ወደየትም ቢዞር ጆሮዎቹ ሁልጊዜ ክብ ሆነው ነው የሚታዩት። የእውነት አይጥ ቢሆን ኖሮ በጎን ሲታይ ጆሮው ይጠብ ነበር። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ጎበዞቹ ናቸው። ስለ ብርቱካኑ ገብቷቸዋልና ጆሮውንም ሞላላ ያደርጉታል።

አንዱ ልጅ ታዲያ ደብተሩን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ድብ ሆነብኝ።»

«ጆሮውን አይተኸዋል?»

«አዎ፣ ክብ ነው።»

ክብ መሆኑንስ ክብ ነበር። ግን ትንሽ ነው፣ ግማሹም ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቷል። ድብ የሚያደርገው እሱ ነው። የሚኪ ጆሮ ትልቅ ነው፤ ስፋቱ ከጭንቅላቱ ስፋት ግማሽ በላይ ይሆናል። ጭንቅላቱንም ጫፉ ላይ ነካ ያደርገዋል እንጂ አይሰምጥበትም። ልጁ ጆሮዎቹን አጥፍቶ በዚህ ልክ ሲሠራቸው ሌላውን ሳይነካ ሚኪ ሆነለት።

የተበላሸውን መቅዳት፣ ወይም ከጭንቅላት አውጥቶ መሳል

ገበያ ላይ ያለ ቦርሳ ላይ የታተመ ሚኪ ብዙ ጊዜ ራሱ የተበላሸ ነው። የግድግዳውን ነገር ደግሞ ነግሬያችኋለሁ። ከተሳሳተ ሥዕል የቀዳ ልጅ በስህተቱ ላይ የራሱን ይጨምርበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ደህና ሞዴል ፈልጉ።

ከስልክ ስትፈልጉም ተጠንቀቁ። ሚኪ በየዘመኑ መልኩ ተቀያይሯል። እ.ኤ.አ. በ1928 ሲወጣ ዓይኖቹ ጥቁር ሞላላ ነጠብጣቦች ብቻ ነበሩ። ዛሬ የምናውቀው ነጭ ውስጥ ብሌን ያለው ዓይን የመጣው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ልጆች ከአንዱ ምስል ዓይኑን፣ ከሌላው ጫማውን፣ ከሦስተኛው እጁን ይወስዳሉ። ውጤቱ የማንም ዘመን ያልሆነ ሚኪ ነው። አንድ ምስል ምረጡና እስክትጨርሱ እሱን ብቻ ተከተሉ።

«እኔ በደንብ አውቀዋለሁ፣ ማየት አያስፈልገኝም» የሚል ልጅ ካለ ደግሞ የፖኬሞን ካርቱኑን ቢጫ ፍጡር ፒካቹን ያለ ሞዴል ይሳልላችሁ። ብዙ ሰው የጅራቱን ጫፍ ጥቁር ያደርገዋል፤ እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚያደርገው። ጥቁር ያለው ግን ጆሮው ጫፍ ላይ ነው። ጅራቱ ቢጫ ነው፣ ሥሩ ላይ ደግሞ ቡናማ። ለዓመታት ያየነውን ነገር እንኳ የምንስለው እንዳየነው ሳይሆን እንደመሰለን ነው። በዚህ ጽሑፍ ካሉት ስህተቶች ግማሹ የሚመጣው ከዚሁ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ከወረቀቱ ይልቅ ሞዴሉን አብዝታችሁ እዩ። የሚስሉ ልጆችን ልብ ብላችሁ ከተመለከታችሁ፣ አንዴ ሞዴሉን አይተው ከዚያ ወረቀቱ ላይ አቀርቅረው ይቀራሉ።

እግር የሚሆን ቦታ ማጣት

ጭንቅላቱን ትልቅ አድርጎ ጀምሮ እግሩ ላይ ሲደርስ ወረቀት ያለቀበት ልጅ ስንቱ ነው! ከዚያ እግሩ አጥሮ ይታጠፋል። ስትጠይቁት መልስ አያጣም፤ «ተቀምጦ ነው» ይላችኋል።

የሥዕል አስተማሪዎች ቁመትን የሚለኩት በራስ ነው፤ አንድ ራስ ማለት የጭንቅላቱ ቁመት ነው። አዋቂ ሰው ከሰባት እስከ ስምንት ራስ ይሆናል ይላሉ። ካርቱን ከዚህ በጣም ያጥራል። ሚኪ ሦስት ራስ ገደማ ነው፤ የሚያምረውም በዚህ ሕፃን በሚያስመስለው መጠኑ ነው። ሰውነቱን እንደ አዋቂ ካስረዘማችሁት ጭምብል ያጠለቀ ሰውዬ ይሆንባችኋል።

እንዲህ አድርጉ። እርሳሳችሁን ሞዴሉ ላይ ጣሉና የጭንቅላቱን ቁመት በአውራ ጣታችሁ ያዙ። በዚያ ልክ ወደ ታች እየቆጠራችሁ ሂዱ፤ ስንት ራስ እንደሆነ ታገኛላችሁ። ከዚያ ወረቀታችሁ ላይ፣ አንድም ነገር ሳትስሉ፣ ከላይና ከታች ትንሽ ጭረት አድርጉ። በመካከላቸው ያለውን በዚያው ቁጥር ክፈሉት። ጭንቅላቱ ከመጀመሪያው ክፍል አይወጣም። የግድግዳ ሥዕል ለመሥራት የምትስማሙ ወጣቶች ደግሞ ሞዴሉንም ግድግዳውንም በእኩል ቁጥር ካሬዎች ከፋፍላችሁ፣ ካሬ በካሬ አስተላልፉት። ግድግዳ ላይ በግምት የሚጀምር ሰው ነው ከላይ የነገርኳችሁን ሚኪ የሚያወጣው።

እርሳስ መጫን

የመጀመሪያዎቹ ክቦችና መስመሮች የሚጠፉ ናቸው። ጠንክሮ የተጫነ መስመር ግን በላጲስ አይጠፋም፤ ቦይ ይተዋል። ቀይና ሰማያዊ የሆነውን ላጲስ ከያዛችሁ ደግሞ በሰማያዊው በኩል አትሞክሩት፣ ወረቀቱን ይቀደዋል። እርሳሱን ከጫፉ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት። ክብ ስትሠሩ ከአንጓችሁ ሳይሆን ከትከሻችሁ አንቀሳቅሱት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀለል አድርጋችሁ ዙሩና ከሁሉም የተሻለውን መስመር ምረጡ። በሳንቲም ወይም በብርጭቆ የሚያዞሩም አሉ። ለጆሮ ይሁን፤ ለጭንቅላት ግን እጃችሁ ይልመድ።

የእኛ አገር ብርድም አለበት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጠዋት ጣት ይደነዝዛል። የደነዘዘ ጣት እርሳስን ጨብጦ ነው የሚይዘው፣ የጨበጠ እጅ ደግሞ ይጫናል። ሻይ ጠጡ፣ እጃችሁን አሙቁ፣ ከዚያ ሳሉ። ባለ መስመር ደብተር ላይ ባትስሉም ይመረጣል። የታተሙት መስመሮች ዓይንን ያታልላሉ፣ ሳታውቁት ጆሮውን መስመሩ ላይ ታስቀምጡታላችሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት በአንድ በኩል የታተመበት የተበላሸ ወረቀት አይጠፋም፤ ጀርባው ለልምምድ ይበቃል።

ጣት ማብዛት

አንዲት ልጅ የሚኪን እጅ አምስት ጣት ከነጥፍሩ ሠርታ አመጣችልኝ። እጁ የእውነት እጅ ነበር፤ አድናቆቴን ነገርኳት። ግን ሚኪ አውራ ጣቱን ጨምሮ አራት ጣት ብቻ ነው ያለው።

ካርቱን ሲሠራ አንድ ገጸ ባሕርይ በሺዎች ጊዜ ይሳላል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ቢያውሉት እንኳ ለአንድ ሰከንድ 12 ሥዕል ያስፈልጋል። አንድ ጣት መቀነስ ማለት ስንት ድካም መቀነስ እንደሆነ አስቡት። ጓንቱም በምክንያት የመጣ ነው። መጀመሪያ ላይ ጓንት አልነበረውም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሰውነቱ ጥቁር፣ እጁም ጥቁር። እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርገው ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ1929 ነጭ ጓንት አደረጉለትና እጁ ታየ።

ስለዚህ ጥፍር፣ ፀጉር፣ የጨርቅ እጥፋት፣ ጥላ እየጨመራችሁ «አሳመርኩት» አትበሉ። ሞዴሉ ላይ የሌለ መስመር እናንተም ጋ አይኑር። እጁን ስትስሉ መጀመሪያ ለመዳፉ ክብ፣ ከዚያ አውራ ጣቱን፣ ከዚያ ሦስቱን ወፍራም ጣቶች። ጀርባው ላይ ያሉት ሦስት ጭረቶች መጨረሻ ይግቡ።

ማርከርና ከለር

እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ቀለም ሳይደርቅ ላጲስ አታስነኩ፤ በተለይ ክረምት ላይ ጭጋጉ ሲወርድ ወረቀቱም እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ታገሱት። በቀኝ እጅ የሚስል ከግራ ወደ ቀኝ ይሂድ፣ በግራ የሚስል ተቃራኒውን፤ አለዚያ መዳፋችሁ ይጠርገዋል። ውጫዊው መስመር ከውስጡ ወፈር ቢል ያምራል። ከለር ስትቀቡ ሱሪው ቀይ፣ ጫማው ቢጫ፣ ጓንቱ ነጭ። ጥቁሩን ቀድማችሁ አትቀቡ፤ ቢጫው ውስጥ ገብቶ ያበላሸዋል።

ሳያረጋግጡ ማድመቅ

ከማርከሩ በፊት ወረቀቱን ገልብጣችሁ መስኮት ላይ ለጥፉት፤ በብርሃኑ በጀርባው በኩል ይታያችኋል። ዓይናችሁ የለመደው ሥዕል ተገልብጦ ሲመጣ አንዱ ጉንጭ ከሌላው አብጦ፣ አንዱ ዓይን ወርዶ ወዲያው ያስታውቃል። ብዙ ልጆች እዚህ ላይ ይስቃሉ። ከሳቁ በኋላ ያስተካክሉታል።

የሰው ብቻ መቅዳት

ሚኪን በደንብ የሳለ ልጅ የሚቀጥለው ሚኒ ናት፣ ከዚያ ዶናልድ። ይሁን። ግን በዚሁ ዘዴ የራሱን ገጸ ባሕርይ የማይሞክረው ለምንድን ነው? እኔ የምመክረው የመንዝ ጓሳን ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም የለም፤ በተፈጥሮውም ለካርቱን የተመቸ ነው። ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውላል። ወንዱ ትከሻው ላይ ካባ የሚያህል ጋማ አለው። ደረቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቀይ ቆዳ አለው። ሲያስፈራራ ደግሞ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ያሳያል፤ የትኛውም ካርቱን ሠሪ ይህን ፊት አይንቀውም።

ሁለት ራስ ተኩል አድርጉት። ለተቀመጠው ሰውነት አንድ ትልቅ ክብ፣ ለጭንቅላቱ ትንሽ ክብ፣ በላዩ የጎበጡት ሁለት መስመሮች። ጋማውን ፀጉር በፀጉር አትሥሩት፤ ውጫዊ ቅርጹን በአንድ ረጅም መስመር አውጡና ጫፉ ላይ አራት አምስት ሹል ነገር ይበቃዋል። እጁ ላይ አንድ ነጠላ ሣር አስይዙት። የደረቱን ቀይ በእርሳስ ዙሪያውን ብቻ ምልክት አድርጉበትና ከለር እስክትቀቡ ተዉት።