ነባር ቡድን ውስጥ አዲስ ሰው ከነሐሳቡ እንዴት ይገባል?

ብዙ ቡድን «አዲስ ሐሳብ ያስፈልገናል» ይላል፤ አዲሱ ሰው አፉን ሲከፍት ግን ፊት ይጠቁራል። ስለዚህ ሥራው ከነባሮቹ ይጀምራል።

መጀመሪያ፣ ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ምኑ ሊቀየር እንደሚችልና ምኑ እንደማይነካ ተነጋገሩ። የሚቀየር ነገር ከሌለ የፈለጋችሁት ሐሳብ ሳይሆን ተጨማሪ ጉልበት ነው። እሱም ነውር የለውም፣ ብቻ ለሚመጣው ሰው በግልጽ ንገሩት።

ቀጥሎ፣ ከተቻለ ሁለት ሰው ባንዴ አስገቡ። ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባደረገው ሙከራ ተሳታፊዎች የመስመሮችን ርዝመት ያወዳድሩ ነበር፤ የቀሩት ሰዎች ከተመራማሪው ጋር አስቀድመው ተመካክረው ሆን ብለው የተሳሳተ መልስ ሲሰጡ፣ ትክክለኛው መልስ ዓይናቸው ፊት እያለ 75 በመቶ ያህሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ አብረው ተሳስተዋል። እውነቱን የሚናገር አንድ አጋር ሲገኝ ግን ይህ በጣም ቀነሰ። አንድ ሰው ብቻ!

ሲገቡ ያልተጻፈውን ደንብ ንገሯቸው፦ ማን ምን እንደሚወስን፣ ድሮ በምን እንደተጣላችሁ፣ እናንተ ብቻ የምትስቁበት ቀልድ ከየት እንደመጣ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ግራ የገባቸውን ሁሉ ይጻፉ። ይህን አታዘግዩ፤ ሰው ቶሎ ይለምዳል፣ ከለመደ ደግሞ አያየውም። ስብሰባ ላይ እነሱ ቀድመው ይናገሩ፣ አንጋፋው መጨረሻ።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት፦ «እሱን ሞክረነው አልሆነም»። ይህችን አባባል አትከልክሏት፣ አንዳንዴ እውነት ናት። ግን እንዲህ ያለው ሰው ይመልስ፦ መቼ ተሞከረ? ምን አሰናከለው? ያ ምክንያት ዛሬም አለ? እኔ የማያት ሦስተኛዋን ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጊዜ መልስ የሚታጣው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ሐሳቡን በትንሹ ሞክሩት። አንድ ሥራ ምረጡ፣ የሚያበቃበትን ቀን ቁረጡ፣ ምን ከታየ እንደሚቀጥል አስቀድማችሁ ጻፉ። አዲሱን ሰው ብቻውን አትተዉት፣ አንድ ነባር አብሮት ይሥራ፤ ያለዚያ ሲከሽፍ «የእሱ ሐሳብ»፣ ሲሳካ «የእኛ» መባሉ አይቀርም።

ሐሳቡን ካልተቀበላችሁት ደግሞ ምክንያቱን ለባለቤቱ ፊት ለፊት ንገሩት። «እናስብበታለን» ተብሎ ሐሳቡ በዚያው የቀረበት ሰው ሁለተኛ ሐሳብ ይዞ አይመጣም።