የጎንደርን ቅርሶች በአንድ ቀን ከአስጎብኚ ጋር እንዴት መጎብኘት ይቻላል

ጎንደርን ለማየት የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በስም የሚያውቀው ፋሲል ግንብን ብቻ ስለሆነ፣ ግንቡን አይቶና ፎቶግራፍ ተነሥቶ ከሰዓት በኋላውን ፒያሳ ቡና ሲጠጣ ያሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግን አንድ ግንብ ወይም አንድ ግቢ አይደለም። ከነገሥታቱ ግቢ ተነሥቶ ጥምቀተ ባሕሩን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴንና ቁስቋምን ይዞ፣ ከከተማው ወጥቶም እስከ ጉዛራ ቤተ መንግሥትና ጣና ዳር እስካለችው ጎርጎራ ይዘልቃል። በከተማው ውስጥ ያሉትን አራቱን ሥፍራዎች በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል፤ ነገር ግን ቅርብ ከሆነው ወደ ሩቁ እየተባለ ሳይሆን፣ የነገሥታቱን ቅደም ተከተልና የቤተ ክርስቲያኑን ሰዓት ተከትሎ ሲኬድ ነው ነገሩ የሚያያዘው።

ቀኑን መምረጥ

ክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለሚበረታና የድንጋዩ ደረጃ ስለሚያዳልጥ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ከአየሩ ይልቅ ግን ብዙ ጎብኚ የሚዘነጋው የጾሙን ነገር ነው። ጾም ባልሆነ ቀን ቅዳሴው ማለዳ ስለሚጠናቀቅ ረፋድ ላይ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መሄድ ይቻላል፤ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በጾም ቀናት ግን ቅዳሴው እኩለ ቀን ገደማ ተጀምሮ ከሰዓት በኋላ ስለሚጠናቀቅ፣ ያን ሰዓት ጠብቆ የሚደርስ እንግዳ ደጅ ቆሞ መመለሱ ነው። ስለዚህ በጾም ቀን ከሆነ የሚጎበኙት ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ማለዳ ከቤተ ክርስቲያኑ ይጀምሩ።

ለጥምቀት የሚመጡ ከሆነ ማረፊያ ክፍል አስቀድመው ይያዙ። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላማ ያለ ቀጠሮ ክፍል አገኛለሁ ብሎ መምጣት ድፍረት ነው። ደግሞም ጥር 10 እና 11 ሕዝቡና ታቦታቱ ጎዳናውን ስለሚሞሉት፣ ከሥፍራ ወደ ሥፍራ መዘዋወርን የሚጠይቅ ጉብኝት በእነዚያ ቀናት አይታሰብም፤ በዓሉን ለበዓልነቱ አይተው ቅርሶቹን ከጥር 13 ወዲያ ቢጎበኙ ይሻላል።

አስጎብኚ መያዝ

ፈቃድና መታወቂያ ያላቸው የአካባቢው አስጎብኚዎች በነገሥታቱ ግቢ መግቢያ አካባቢ ይገኛሉ። ዋጋውን ከመነሣትዎ በፊት ይነጋገሩ፤ ሂሳቡ ለቡድኑ ይሁን ለአንድ ሰው፣ የታክሲውን ወይም የባጃጁን ኪራይ ይጨምር አይጨምር፣ እስከ ቁስቋም ድረስ አብሮ ይሄድ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቁ። ትኬት ሲቆርጡም ክፍያው ጥምቀተ ባሕሩን የሚጨምር መሆኑን አረጋግጠው ደረሰኙን በኪስዎ ይያዙ። አብያተ ክርስቲያናቱ የየራሳቸው መግቢያ ስላላቸው ዝርዝር ብር አይለይዎ።

ጥሩ አስጎብኚን የሚለዩበት ጥያቄ ቢፈልጉ፣ «ከፋሲል በፊት ግንብ ነበር ወይ?» ብለው ይጠይቁት። በጎንደርና ባሕር ዳር መንገድ እንፍራንዝ አጠገብ ያለውን፣ በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለትን የጉዛራን ቤተ መንግሥት የሚጠቅስልዎ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ነው። በጉብኝቱም መካከል ትውፊቱና በጽሑፍ የተመዘገበው ታሪክ ተቀላቅሎ ሲነገርዎ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዲለይልዎ በትሕትና ይጠይቁት። ትውፊቱ ውበት አለው፤ በታሪክ ቦታ ግን አይቁም።

በነገሥታቱ ግቢ ውስጥ

ግቢው እንደተከፈተ፣ ፀሐይ ሳትበረታና ተማሪዎች በቡድን ሳይገቡ ይግቡ። ዙሪያውን የከበበው ቅጥር 900 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን በ12 በሮች ይከፈታል፤ የበሮቹ ስም ራሱ የቤተ መንግሥቱን አሠራር ይናገራል። ወምበር በር የዳኞቹ፣ እምቢልታ በር የእምቢልተኞቹ፣ ባልደራስ በር የፈረሰኞቹ አለቃ ነበር። አስጎብኚዎ ሁሉንም እንዲዘረዝር ማስገደድ አያስፈልግም፤ ሁለት ሦስቱን በቦታቸው ቢያሳይዎ ግቢው የመኖሪያ ብቻ ሳይሆን የችሎትና የመንግሥት ሥራ ሥፍራ እንደነበር ይገለጥልዎታል።

ከዚያ ወደ ፋሲል ግንብ ይቅረቡ፤ ነገር ግን ወዲያውኑ አይግቡ። አፄ ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. ከ1632 እስከ 1667 የነገሡ ሲሆን ጎንደርን እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ መቀመጫቸው አድርገዋታል፤ ከዚያ በፊት ነገሥታቱ እንደ ወቅቱና እንደ ዘመቻው ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዘዋወሩ ነበርና፣ 32 ሜትር ያህል ቁመት ያለው የድንጋይ ቤት መሥራት ማለት በአንድ ቦታ ተቀምጠናል ብሎ ማወጅ ነበር። ሣሩ ላይ ቆመው አራቱን ክብ የማዕዘን ማማዎችና በላያቸው ያሉትን ጉልላቶች ይመልከቱ፤ ቀጥሎም ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው የድንጋዩን መጋጠሚያ ያስተውሉ። ጥቁሩ ድንጋይ የተያያዘው በኖራ ነው፤ ኖራው ነጣ ያለና ጠርዙ የላላ ሆኖ ይታያል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተደረገው ጥገና ግን ሲሚንቶ የገባበት ስለነበር፣ ከኋላ ዘመን የጥገና ባለሙያዎች ሲሚንቶውን እያነሡ በኖራ ሲተኩ ቆይተዋል። ግራጫና ጠንካራ መስመር ካዩ የትኛው ዘመን እጅ እንደሆነ ለመገመት አይቸገሩም። እንዲህ ያለውን ነገር አስጎብኚዎች ካልተጠየቁ ብዙም አያነሡትም፤ ለእኔ ግን ከነገሥታቱ የስም ዝርዝር ይልቅ ግንቡን በሕይወት ያለ ሕንፃ የሚያደርገው ይህ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገቡ በአዳራሹ በሮች ላይ የተቀረጸውን ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ ይፈልጉ፤ ከሰሎሞናዊው የነገሥታት ሐረግ ጋር አያይዘው ይተርኩልዎታል። ወደ ላይ መውጣት ተፈቅዶ ካገኙት ይውጡ፤ በየጊዜው ጥገና ስለሚደረግ አንዳንዱ ክፍል ተዘግቶ ሊያገኙት ይችላሉ። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን ከላይ ሆኖ ጣና በደቡብ በኩል ይታያል።

ከፋሲል ቀጥሎ የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ የመጻሕፍት ቤትና የጽሕፈት ቤት ሕንፃ አለ። እዚያ ብዙ አይቆዩ፤ ጊዜዎን ለአፄ ኢያሱ አድያም ሰገድ ግንብ ያቆዩት። ይህ ግንብ በኮርቻ ቅርጹ ይታወቃል፤ በዘመኑ በዝሆን ጥርስ፣ በመስተዋትና በወርቅ ቅብ ያጌጠ እንደነበር ይተረካል። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ጣሊያኖች ግቢውን ለራሳቸው ሥራ ይጠቀሙበት ስለነበር የእንግሊዝ አውሮፕላኖች እ.ኤ.አ. በ1941 ሲደበድቡ ሌላ ጉዳት ደረሰበት። ከፋሲል ግንብ ወጥቶ በቀጥታ ወደ እሱ መምጣት ጥቅሙ ይህ ነው፤ የአያትና የልጅ ልጅ ግንብ ጎን ለጎን ሲታዩ የቀደመው ቆሞ የኋለኛው ፈርሶ መገኘቱ ዕድሜ ብቻውን ሕንፃን እንደማያፈርስ ያሳያል።

የአፄ ዳዊትን የመዝሙር አዳራሽ፣ የአንበሶቹን ቤትና የአፄ በካፋን የግብር አዳራሽና የፈረስ ጋጥ በእግር እየሄዱ ይመልከቱ። የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ዘንድ ሲደርሱ ግን ቆም ይበሉ፤ ባለቤታቸው አፄ በካፋ እ.ኤ.አ. በ1730 ካረፉ በኋላ ልጃቸው ኢያሱ ሁለተኛ ገና ሕፃን ስለነበሩ እሳቸው ዘውድ ጭነው አገር ያስተዳደሩ ናቸውና። ስማቸውን ይያዙት፤ ከሰዓት በኋላ ቁስቋም ላይ እንደገና ያገኟቸዋል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ

ከፒያሳ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሴቶች ነጠላ፣ ሁሉም ሰው ጉልበት የሚሸፍን ልብስና በቀላሉ የሚወልቅ ጫማ ያስፈልገዋል። በቅጥሩ ዙሪያ ያሉት 12 ክብ ማማዎች የሐዋርያት፣ የመግቢያው ማማ ደግሞ የጌታ ምሳሌ እንደሆኑ ይነገራል፤ ከመግባትዎ በፊት ቅጥሩን በውጭ ዞረው ቢቆጥሯቸው ልጆችም ይደሰታሉ።

ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት አፄ ኢያሱ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1694 ተባረከ። የመጀመሪያው ሕንፃ ክብ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1707 በመብረቅ ተቃጥሎ አሁን ያለው አራት ማዕዘን ሕንፃ በኋላ ተተክቷል። እ.ኤ.አ. በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ፣ ከአርባ አራቱ ታቦት ከተማ አብያተ ክርስቲያናት መካከል የተረፈው ይህ ነው። የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን አባረረው የሚለውን የሽማግሌዎቹን ቃል መስማትዎ አይቀርም።

ከገቡ በኋላ ዓይንዎ ብርሃኑን እስኪለምድ ድረስ ዝም ብለው ይቁሙ። ጣሪያው በሙሉ ክንፍ ባላቸው የመላእክት ፊቶች የተሞላ ነው፤ አንዱን ረድፍ ብቻ ለይተው ቢያዩ ቅንድቡና አፉ ከሌላው በጥቂቱ እንደሚለይ፣ ዓይኖቹም ወደ ተለያየ አቅጣጫ እንደሚያዩ ያስተውላሉ። መነጽርዎን በርቀት ማያ ቢያግዙት አይቆጭዎትም። በመቅደሱ በር በላይ ያለውን የሥላሴንና የስቅለትን ሥዕል ካዩ በኋላ የግድግዳውን ሥዕል በአንድ ወገን ጀምረው በአንድ ወገን ይጨርሱ፤ ወዲያ ወዲህ እየዘለሉ ማየት ትረካውን ይበጥሰዋል። ሥዕሎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ በመሆናቸው እርጥበትና የእጅ ንክኪ ይጎዷቸዋል፤ በፍላሽ ማንሣትም ክልክል ነው። ለእኔ በከተማው ካሉት ሥፍራዎች ሁሉ ሙሉ አንድ ሰዓት የሚገባው ይህ ነው። ሲወጡ በር የከፈቱልዎትን ካህን ማመስገን አይርሱ።

ጥምቀተ ባሕሩና ቁስቋም

ሁለቱም በከተማው ምዕራብና ሰሜን ምዕራብ ስለሆኑ ምሳ ከበሉ በኋላ በአንድ መኪና ይዳረሳሉ። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ውኃውን የሚያገኘው ከቀሃ ወንዝ በተሳበ ቦይ ሲሆን፣ የሚሞላው ግን ለጥምቀት ነው። በሌላው ወር ደረቅ ገንዳ ሲያዩ እንዳይከፉ አስቀድመው ይወቁት፤ እንዲያውም ደረቅ ሲሆን ሕንፃው የቆመባቸው ቅስቶች በደንብ ይታያሉ። በቅጥሩ ላይ የበቀሉት የትላልቅ ዛፎች ሥር ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጦ ይዞታል፤ ሥሩ ላይ መውጣትና ልጆችን ማስወጣት ግን ለግንቡም ለዛፉም አይበጅም።

ቁስቋም ኮረብታ ላይ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ከግቢው ርቀው የሠሯቸው ቤተ መንግሥትና ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ማርያም እዚህ ይገኛሉ፤ ቤተ መንግሥቱ ፈርሷል፣ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ግን በግድግዳው ላይ እስከ ዛሬ ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የደረሰው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በእንግድነት ያረፈው እዚህ ነበር። የእቴጌይቱ፣ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም በመስተዋት ሣጥን እንደተጠበቀ ያሳዩዎታል፤ ሦስት ትውልድ በአንድ ሣጥን ፊት ሲተረክ ጠዋት በግቢው የሰሙት ስም ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። የቦታው ዓመታዊ በዓል ኅዳር 6 ስለሆነ የጽጌ ጾም ሲፈታ የሚመጣ ሰው ማሕሌቱን ማግኘት ይችላል። የዜማ ወዳጅ ከሆኑም የአቋቋም ትምህርት ማዕከል የሆነችውን ጎንደር በአታን ለሌላ ቀን ይያዟት።

ተጨማሪ ቀን ካለዎት

ጎርጎራ ከጎንደር ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታና ደኅንነት በዚያው ቀን ይጠይቁ። የደብረ ሲና ማርያም ሥዕሎች ጣና ዳር ስለሆኑ ጀልባ አይጠይቁም። ወደ ደሴቶቹ የሚሻገሩ ከሆነ ግን ማለዳ ይነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣል። በደቅ ደሴት ያለው ናርጋ ሥላሴ የእቴጌ ምንትዋብ ሥራ ሲሆን፣ ራሳቸው ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ተደፍተው ተሥለውበታል። የአፄ ፋሲለደስ አፅም ያለበት ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ስለሆነ፣ ባልና ሚስት ወይም ቤተሰብ ሆነው የሚጓዙ ሰዎች ጀልባውን ከመከራየታቸው በፊት የትኛው ደሴት ለሁሉም ክፍት እንደሆነ ይጠይቁ። የጀልባውን ኪራይ መመለሻውን ጨምረው ይዋዋሉ፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ መኖሩንም ከመሳፈርዎ በፊት በዓይንዎ ያረጋግጡ።