ፌልት ላይ በሲንጀር ስንጠልፍ፦ ከሥር የሚጎነጎን ክር፣ የሚዘል ስፌትና ሌላው ጣጣ

የመኪናውን ጥርስ (ከመርፌው ሥር ጨርቁን የሚገፋውን) ዝቅ ማድረግ፣ የስፌቱን ርዝመት ዜሮ ማድረግ፣ አዲስ መርፌ ማስገባት፣ የቦቢኑን (የሥረኛው ክር የሚጠመጠምበትን) ክር ወደ ላይ አውጥቶ ሁለቱንም ጫፍ በጣት ይዞ መጀመር፤ እነዚህን ታውቃላችሁ ብዬ አልፋለሁ። መኪናችሁ ጥርሱ ዝቅ የማይል ከሆነ ለመርፌው መውረጃ መሐሉ የተበሳ ስስ ካርቶን በጥርሱ ላይ በፕላስተር ለጥፉበት፤ ይበቃል።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንግባባ። ሽሮ ሜዳ የሚጠልፉትን ባለሙያዎች ያየ ሰው፣ የመኪናውን እግር (ጨርቁን የሚጫነውን ብረት) አውልቀው ሸማውን በክብ የጥልፍ መወጠሪያ እንደ ከበሮ ወጥረው በሁለት እጃቸው እየመሩ ሲጠልፉ አይቶ ቤቱ ይገባና ፌልት ላይ ያንኑ ይሞክራል። ሸማ ድርና ማግ አለው፤ ሲወጠር ይወጠራል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ፌልት አልተሸመነም። የሱፉ ፌልት በእርጥበት፣ በሙቀትና በግፊት ጸጉሩ እርስ በርሱ የተያያዘ ነው፤ አርቴፊሻሉ ደግሞ በእሾሃማ መርፌ ተወግቶ ተወግቶ የተጠቀጠቀ ነው። በክብ ስትወጥሩት ይለጠጥና እንደተለጠጠ ይቀራል። መርፌውንም ይዞ አይለቅም። ከታች የማወራው ችግር ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ከላይ ያማረ፣ ከሥር የተጎነጎነ

አሥር መኪና ቢመጣልኝ ሰባቱ ስምንቱ የሚመጣው በዚህ ነው። ፌልቱ ከላይ ሲታይ ስፌቱ ደህና ነው። ስትገለብጡት ያልተበጠረ ጸጉር የመሰለ የክር ጉንጉን ነው። አንዳንዴም ፌልቱ ከመኪናው አልላቀቅ ይልና በመቀስ ተቆርጦ ነው የሚወጣው።

ጉንጉኑ ከሥር ስለሆነ ሰው ሁሉ ጥፋቱን ከሥር ይፈልጋል። ቦቢኑን ያወጣል፣ የቦቢኑን ቤት ይነቅላል፣ ቀጥሎ ካቻቢቴ ይዞ የቦቢኑ ቤት ላይ ያለችውን ትንሿን ብሎን ያጠብቃል። እባካችሁ አትንኳት! ከሥር የተጎነጎነው የላይኛው ክር ነው። የላይኛው ክር የሚጎነጎነው የሚይዘው ሲያጣ ነው።

ምክንያቱ የእግር ማንሻው ነው። ማንሻው ወደ ላይ ሲሆን የክር ማጥበቂያው ሁለት ክብ ብረቶች ይላቀቃሉ፤ ክሩ በመሐላቸው እንዲሁ ይፈስሳል። ሲወርድ ብረቶቹ ይገጥሙና ክሩን ይይዛሉ። በተራ ስፌት ጊዜ ማንሻውን ማውረድ አትረሱም፤ እግሩ ካልወረደ ጨርቁ አይሄድማ። ለጥልፍ እግሩን ስታወልቁት ግን ማንሻው ወጣ ወረደ በዓይን የሚታይ ለውጥ የለም። መኪናው ይሰፋል። ከሥር ያለው መንጠቆ ክሩን ስቦ በቦቢኑ ዙሪያ ያዞራል፤ ክሩን ወደ ላይ መልሶ የሚስበው ክንድ ግን ከሥር ያለውን በመሳብ ፈንታ ከማጠንጠኛው አዲስ ክር ያመጣል። የተረፈው ሁሉ ከሥር ይከማቻል።

መፍትሄው ማንሻውን ማውረድ ነው፤ አለቀ። ማረጋገጫውም ቀላል ነው፦ ሳትጀምሩ ክሩን ከመርፌው አጠገብ ያዙና ሳብ አድርጉት። የሚጎትት ነገር ካለውና መርፌው ትንሽ ጎበጥ ካለ ማንሻው ወርዷል። ክሩ እንደ ቅቤ ከተንሸራተተ አልወረደም። ክር ስታስገቡ ግን በተቃራኒው ማንሻው ወደ ላይ ይሁን፤ አለበለዚያ ክሩ በሁለቱ ብረቶች መሐል በመግባት ፈንታ በላያቸው ያልፋል፣ ውጤቱም ያው ጉንጉን ነው።

አንዲት እናት መኪናቸውን በወዛደር አሸክመው አመጡልኝ። ከእኔ በፊት ሦስት ሰው ነክቶታል፤ አንዱ የቦቢኑን ቤት አስለውጧቸዋል፣ ሌላው መንጠቆውን ፈትቶ ገጥሞታል። የመጨረሻው ብሎኗን ፈትቶ ፈትቶ ጥሏታል፤ የሩዝ ፍሬ የማታህል ነገር ናት፣ የት ትገኛለች? ማንሻውን በአንድ ጣት አወረድኩት። ለብሎኗ ምትክ ለማግኘት ግን ግማሽ ቀን ፈጀብን። ለሦስቱም ከፍለው ነበር። ያናደደኝ እሱ ነው፤ ሰው ሳይመረምር እንዴት ብረት ይፈታል?

ማንሻው ወርዶ ጉንጉኑ ካልቀረ ማጥበቂያውን ተመልከቱ። አርቴፊሻል ፌልት ብናኝ ይጥላል፤ ብናኙ ከክሩ ጋር እየሄደ በሁለቱ ብረቶች መሐል ይጠቀጠቃል። አንድ ወጣት የልጆች መጫወቻ በቀይ ፌልት ሲሠራ ከርሞ መጣ፤ ማንሻውን አንስቼ የታጠፈ ስስ ነጠላ በብረቶቹ መሐል ሳሳልፍ የምስር ክክ የሚያህል ቀይ ጥቅጥቅ ብናኝ ወጣ። እሱን ያህል ነገር በመሐል ካለ ብረቶቹ መቼ ይገጥማሉ?

የቦቢኑን ብሎን የምትነኩት ይህ ሁሉ ተፈትሾ ሲያበቃ ብቻ ነው። ያኔም የነበረችበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና ከሩብ ዙር አትለፉ። ቤቱን ከነቦቢኑ በክሩ አንጠልጥሉት፤ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ እጃችሁን ነቅነቅ ስታደርጉ ትንሽ ወረድ ካለ ልክ ነው። ራሱ ከወረደ ላልቷል፤ ነቅንቃችሁትም ካልወረደ ጠብቋል።

በተቃራኒው የቦቢኑ ክር በላይ በኩል ነጥብ ነጥብ እያለ ከታየ የላይኛው ጠብቋል፤ ቁጥር ያለው ማጥበቂያ ከሆነ ከ4 ወደ 3 ዝቅ አድርጉት።

እየዘለለ የሚሰፋ መኪና

መርፌው ከታች ደርሶ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲመለስ ከጀርባው ክሩ ይላላና ትንሽ ቀለበት ይሠራል። መንጠቆው የሚይዘው ያችን ቀለበት ነው። ፌልት ግን መርፌውን ጨምድዶ ይዞ አብሮት ይነሳል። ጨርቁ ከተነሳ ክሩ አይላላም፣ ቀለበት የለም፣ መንጠቆው ባዶውን ያልፋል። መኪናውን በእጅ እያዞራችሁ ከጎን ዝቅ ብላችሁ እዩት፤ ፌልቱ ከብረቱ ላይ ብድግ ሲል ይታያችኋል።

ሞላ ያለው የጥልፍ እግር ካላችሁ፣ መርፌው ሲወርድ ፌልቱን ነካ የሚያደርግ እስኪሆን ከፍታውን አስተካክሉ። በ1 ሚሊ ሜትር ፌልት የተስተካከለ ለ3 ሚሊ ሜትሩ አይሆንም። እግሩ ከሌላችሁ እኔ ሁልጊዜ የማደርገውን ልንገራችሁ። ክቡ ውስጥ ፌልቱን አታስገቡ። አቡጀዲ ወጥሩበት፤ በጣት ሲመቱት ድም እስኪል። ፌልቱን በአቡጀዲው ላይ አንጥፉና ዙሪያውን በእጅ በሰፋፊ ስፌት አያይዙት። ክቡን በእጅ ስንጠልፍ ከምንይዘው ገልብጡት፤ አቡጀዲው የመኪናውን ብረት ተኝቶ መንካት አለበት። እንዲህ ሲሆን ወደ ታች የሚይዘው የተወጠረው አቡጀዲ ነው፤ ፌልቱ አይለጠጥም፣ የክቡ ጠባሳም አይቀርበትም። ሲያልቅ የተረፈውን አቡጀዲ ከጥልፉ ዳር ቆርጦ ማንሳት ነው።

ጨርቁ እንዳይነሳ በጣታችሁ መርፌው ሥር የምትጫኑ አላችሁ። ተዉ! ያለ እግር የሚሠራ መርፌ ጣት አይለይም። መርፌ ጥፍሯን አልፎ የተሰበረባትን ልጅ ጤና ጣቢያ ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ ስባሪውን ለማውጣት ጥፍሯ ተነቅሏል። እጃችሁ ከመርፌው ቢያንስ አራት ጣት ይራቅ፣ ክሩን መርፌ ውስጥ ስታስገቡም እግራችሁ ከፔዳሉ ላይ ይውረድ።

ፌልቱ ሳይነሳ ከዘለለ መርፌው ነው። ለ2 እና ለ3 ሚሊ ሜትር ፌልት 90/14 ቁጥር ያስፈልጋል፤ ሲቀጥን ይጎብጣል። የቤት መኪና መርፌ አናቱ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ የፋብሪካው መኪና አናቱ ድፍን ክብ ነው። መርካቶ ሁለቱን ደባልቆ የሚሸጥ ሞልቷል፣ ገዢውም አያይም። አናተ ክቡ መርፌ የቤት መኪና ላይ ይገባል፣ ይታሰራል፣ ግን ከመንጠቆው ጋር አይገናኝም። የመርፌው ረጅም ቦይ ክሩ በሚገባበት በኩል፣ ጠፍጣፋው ወደ መንጠቆው በኩል መሆኑን እዩ።

ክር መበጠስ

የመርፌው ወይም መርፌው የሚገባበት የብረቱ ቀዳዳ ተቧጭሮ ከሆነ ጥፍራችሁን ዙሪያውን ስታስኬዱ ይይዛችኋል። ይህን የሚያመጣው መርፌው ጨርቁ ውስጥ እያለ ፌልቱን መጎተት ነው፤ መርፌው ይጎብጥና ብረቱን ይመታል። እጅ ቀስ፣ እግር ፈጠን ይበል። በጣም ደቃቅ የሆነ ብርጭቆ ወረቀት እንደ ክር ጠምዝዞ የብረቱን ቀዳዳ ማለስለስ ይቻላል፤ መርፌውን ግን ጣሉት። አርቴፊሻል ፌልት ላይ በፍጥነት ስትሰፉ መርፌው ይግልና የቀለጠ ነገር ዓይኑ ላይ ይጋገራል፤ ቆም እያላችሁ ጥረጉት። ፌልቱ የቱ እንደሆነ ካልታወቃችሁ ቁራጩን ለኩሱት፦ ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸትና በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል፣ ሌላው ይቀልጥና እንደ ዶቃ ይጠጥራል። የሚቀልጠውን ካውያ አታስነኩት።

ክሩን ራሱን ደግሞ አንድ ክንድ ያህል ቆርጣችሁ በእጅ ሳቡት። ሳይታገል ከተበጠሰ መደርደሪያ ላይ ፀሐይ የበላው ነው፤ ማጥበቂያውን አትውቀሱ።

ቦቢን

ለተለመደችው ጥቁር የቤት መኪና የሚሆነው ቦቢን ቁመቱ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋቱ ተመሳሳይ ሆኖ ቁመቱ 9 ያህል የሆነ አለ፤ ቤቱ ውስጥ ይገባል፣ እየተንገጫገጨም ይዞራል፣ ክሩን አንዴ ያላላል አንዴ ያጠብቃል። በገበያው ያለው ስስ ቆርቆሮ ቦቢን ደግሞ ከንፈሩ የተጣመመ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት በሻጩ መስታወት ላይ አንከባልሉት፤ ከወዘወዘ መልሱለት። ገንዘባችሁ ነው።

አልፎ አልፎ

ፌልቱ በጥልፉ መስመር እንደ ቴምብር ከተቀደደ ስፌቱ በዝቷል፤ አራርቁ። ፔዳሉ እየሄደ መዘውሩ ከቆመ ቺንጊያው ላልቷል። መዘውሩ ወደኋላ ከዞረ ክር ይበጠሳል፤ ወደ ራሳችሁ ነው የሚዞረው። ፌልቱ ሳይነሳ፣ በአዲስ ትክክለኛ መርፌም ከዘለለ፣ መርፌና መንጠቆ ጊዜያቸው ተዛንፏል፤ ይህን ለመኪና ጠጋኝ ስጡ።

አንድ ቦቢን ባለቀ ቁጥር የመንጠቆውን አካባቢ በብሩሽ አጽዱ። በአፍ አትንፉ፣ ትንፋሽ እርጥብ ነው፣ ያዝጋል። ዘይት ካደረጋችሁ በኋላ ብጫቂ ጨርቅ ላይ አንድ ቦቢን ሙሉ ስፉ፤ ነጭ ፌልት ላይ ያረፈ ዘይት አይለቅም። ያችን ብጫቂ አትጣሏት፦ የፌልቱን ውፍረት፣ የመርፌውን ቁጥርና የማጥበቂያውን ቁጥር በእስክሪብቶ ጻፉባትና መሳቢያው ውስጥ አስቀምጡ። የእኔ መሳቢያ በእነሱ ሞልቷል፤ አዲስ ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የማወጣው እነሱን ነው።