የግጭት ዜና ስንጽፍ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ላይ የዜና ሥራ ለምትጀምሩ ወጣቶች ነው። ከተማችን በሰኔ 2010 እና በሐምሌ 2011 ደም ፈሶባታል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ግልጽ የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጨዋ መስሎ የሚያልፈው አድልዎ ነው።

ትልቁ ስህተት ገዳዩን እንደ ወገኑ እያዩ መጻፍ ነው። ሟቹ የእኛ ሰው ሲሆን «የእገሌ ብሔር ታጣቂዎች ንጹሐንን ጨፈጨፉ» እንላለን። ገዳዩ የእኛ ሲሆን ግን «በተፈጠረው ግጭት የሰዎች ሕይወት አለፈ» እንላለን። እዚህ ላይ ገዳይ የለም። ግጭቱ ራሱ ተነስቶ ሰው የገደለ ይመስላል። ደግሞስ ቤቱ ተቀምጦ የተገደለ ሰው ከማን ጋር ተጋጨ? ገዳዩ ገና ካልታወቀ «ተገደሉ» ማለት ትክክል ነው። ለአንዱ ወገን ብቻ ሲሆን ግን መሸፋፈን ነው። ዜናውን ከመላካችሁ በፊት ግሶቹን አስምሩባቸውና ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መሆናቸውን እዩ።

ሁለተኛው፣ የጥቂቶችን ድርጊት ለሕዝብ መስጠት ነው። ድንጋይ የወረወረ ሁሉ «ኤጄቶ» (የሲዳማ ወጣቶች ንቅናቄ) ከተባለ፣ ኤጄቶም ሲዳማ ማለት ከሆነ፣ ጎረቤቱን ቤቱ የደበቀው ሲዳማም አብሮ ተከሰሰ ማለት ነው። ብሔር መጥቀስ በራሱ ጥፋት አይደለም። ሰው በማንነቱ ተለይቶ ከተጠቃ መጻፍ አለበት፤ እሱን መደበቅ ተጎጂውን መካድ ነው።

«መጤ» የሚለውን ቃል በራሳችሁ አንደበት አትጻፉ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ የወላይታ ልጅ መጤ ሲባል፣ የደረሰበት ጥቃት በግማሽ ተገቢ ይመስላል። ከተማዋ በ1950ዎቹ ስትቆረቆር መሬቱ ባዶ ነበር ብሎ ሲዳማን ከታሪኩ መሰረዝም ያው አድልዎ ነው።

የአንዱን ወገን ቃል «አረጋገጡ»፣ የሌላውን «ሲሉ ከሰሱ» አትበሉ። «ተናገሩ» ለሁሉም ይበቃል።

የመጨረሻው መነሻ መምረጥ ነው። ሐምሌ 11 ቀን 2011ን ከቃጠሎው ብቻ የጀመረ፣ ሲዳማ ክልል ለመሆን ለጠየቀው ሕዝበ ውሳኔ ሕገ መንግሥቱ የሰጠው አንድ ዓመት ያለ ድምፅ ማለቁን ይዘላል። ከዚያ ቅሬታ ብቻ የጀመረ ደግሞ ሟቾቹንና ቤታቸው የተቃጠለባቸውን ወደ ግርጌ ይገፋቸዋል። እኔ ሟቾቹን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱን ግን እዚያው በሁለተኛው አንቀጽ አስገባለሁ።