ምጣዱን ደብረ ብርሃን ተዉት

ከሰሜን ሸዋ ወደ አሜሪካ የሚመጣ ሁሉ ሻንጣ ሊዘጋ ሲል ይደውልና «እትዬ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዴን ላምጣው?» ይለኛል። አታምጡት። ምክንያቱን ለሚፈልግ ይኸው ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ በስልክ አላስረዳም።

የአገራችን መብራት 220 ቮልት ነው፣ የዚህ 120። ሶኬቱም አይገጥምም። ሰው የሚታየው ሶኬቱ ብቻ ስለሆነ አዳፕተር ይገዛና ተገላገልኩ ይላል። አዳፕተር ግን ቮልት አይቀይርም። ከአገር ቤት የመጣ ካውያ 120 ላይ ሲሰካ የሙቀቱን ሲሶ እንኳ አይሰጥም፤ ነጠላ አይተኩስም።

የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አያስቸግርም። ጀርባው ላይ «100–240» የሚል ካለ አዳፕተር ይበቃዋል። ጽሑፏ ደቃቅ ናት፣ መነጽር አድርጉ። ዱባይና ኩዌት የምትሄዱ ቮልቱ ከእኛው ጋር ይቀራረባል፣ ሶኬቱን ብቻ አስቡ። ሪሲቨር ግን ወደ አሜሪካ ማንም አያምጣ፤ ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፣ ከዚህ ሰማይ አይታይም። ማሞቂያም ተዉት። የመንዝ ባና ሶኬት አይፈልግም።

ወደ ምጣዱ። የአገር ቤቱ 3,500 ዋት ገደማ ይበላል። እዚህ ተራው የቤት መስመር 15 አምፒር ነው፤ በ120 ስታባዙት 1,800 ዋት። ቮልት የሚቀይር ትራንስፎርመር ብትገዙም መስመሩ አይችለውም፣ ከአቅም በላይ ሲሳብበት መብራት የሚቆርጠው ብሬከር ይወርዳል።

ይኼኔ ብልጣ ብልጡ «ልብስ ማድረቂያው ጋ 240 አለ» ይላል። እውነቱን ነው፣ አለ። እኔም የገባሁበት በዚሁ ነው። የማድረቂያ ገመድ ገዝቼ ከምጣዱ ገመድ ጋር ቀጠልኩና በፕላስተር ጠቀለልኩት። እንጀራው ዓይን በዓይን ሆኖ ወጣ። ባይሠራ ኖሮ በተሻለኝ! ስለሠራ ደጋግሜ ጋገርኩበት። መጋጠሚያው ግን ውስጥ ውስጡን ሲግል ኖሮ አንድ ቀን ከነሶኬቱ ቀለጠ። «ብሬከሩ ያጠፋዋል» እንዳትሉ። የማድረቂያው ብሬከር 30 አምፒር ድረስ ዝም ይላል፤ ምጣዱ የሚስበው 17 ገደማ ነው። የላላ ሽቦ ቢግል ብሬከሩ በምን ያውቃል? ከዚያ የአከራዩ ቢሮ መጣ፦ ፎርም ሙዪ፣ ፎቶ ላኪ፣ ፎቶው አልደረሰንም፣ ፎርሙን እንደገና ሙዪ። በመጨረሻ ለዋስትና ያስያዝኩትን ገንዘብ ቆርጠው አስቀሩ። የራሳችሁ ቤት ቢሆን እንኳ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ጥሩ፤ የአጎት ልጅ ኤሌክትሪሻን አይደለም።

ታዲያ በምን እንጋግር? ብዙ ሐበሻ ቤት ያለው፣ የኖርዌይ ሰዎች ሌፍሳ የሚሉትን ቂጣቸውን የሚጋግሩበት ባለ 16 ኢንች ክብ ምጣድ ነው። በ120 ቮልት ይሠራል። ስፋቱ 41 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ እንጀራው ያንሳል። አነሰ ብሎ የሚያማርር ሁለት ይብላ። በጎመን ዘር ስታሱት ጭስ እንዳይበዛ መስኮት ክፈቱ፤ ኮሪደሩ ላይ ያለው የጭስ ማንቂያ ይጮኻል። ጮኸብኝ ብሎ ባትሪውን ነቅሎ የሚተኛ ሰው አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ጎረቤቴ እንዲሆን አልፈልግም።

እዚህ በቅናሽ ያገኛችሁትን ማይክሮዌቭና ብሌንደር ለእናታችሁ የምትልኩም ጀርባውን አንብቡ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ እዚያ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ገንዘቡን ላኩላቸው፣ እዚያው ደብረ ብርሃን ባለ 220ውን ይግዙ።