የመብራት ቢል ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ብርን ከብር ማወዳደር። «ዓምና በዚህ ወር ይህን አልከፈልንም» ብሎ መከራከር የትም አያደርስም፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ፍጆታዎ ባለበት ቢቆምም ብሩ ይወጣል። ኪሎዋት ሰዓቱን ይያዙ። ከአሁኑ ንባብ ያለፈውን ቀንሰው በመካከሉ ላሉት ቀናት ያካፍሉ፤ የ35 ቀን ቢል ከ28 ቀን ቢል ቢበዛ አይገርምም። የጢስ ዓባይና የበለስ ኃይል ማመንጫዎች ቅርባችን ናቸው ብሎ ቅናሽ የሚጠብቅ ካለ፣ ታሪፉ ለባሕር ዳርም ለአዲስ አበባም አንድ ነው።

ቀዩን አሃዝ አብሮ መቁጠር። በአሮጌው ባለዲስክ ቆጣሪ ላይ በስተቀኝ ዳር ያለው ቀይ አሃዝ አሥረኛ ክፍልፋይ ነው። እሱን ጨምሮ ያነበበ ፍጆታውን አሥር እጥፍ ያደርገዋል።

አምፖል ላይ ተጨቃጭቆ ምጣዱን መርሳት። ትልቁ ስህተት ይኼ ነው። ባለ 10 ዋት አምፖል በየቀኑ 5 ሰዓት ቢበራ በወር 1.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ሲጋገርበት ብቻ 5.25 ይበላል፤ በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በወር 45 አካባቢ። እስኪግል ሩብ ሰዓት ቢፈጅ እንኳ አንድ እንጀራ ሳይወጣ ወደ 0.9 ሄዷል። ስለዚህ ሊጡን አብዝቶ በአንድ ሙቀት መጋገር ያዋጣል። መብራት በመሀል ከጠፋ ደግሞ ሶኬቱን ይንቀሉ። ሰው ገበያ ወጥቶ መብራቱ ቢመጣ ምጣዱ ባዶውን 4 ሰዓት ሲግል 14 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ የእሳት አደጋውም ሌላ ነው።

የጋራ ቆጣሪን በነፍስ ወከፍ ማካፈል። የታሪፉ እርከኖች 50፣ 100፣ 200 እያሉ ይወጣሉ፤ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። በየግላቸው 45 የሚጠቀሙ አራት ቤቶች በአንድ ቆጣሪ 180 ይሆኑና ከ100 በላይ ያለው እርከን ውስጥ ይገባሉ፤ አንዱ ምጣድ ቢያበዛ ደግሞ የሌላውንም ዋጋ ያስወድዳል። ለየክፍሉ መለኪያ ቆጣሪ ካልተገጠመ፣ ቢያንስ የምጣድና የምድጃ ሰዓት ተመዝግቦ ይታሰብ።

ሳይፈትሹ «ቆጣሪው ይሮጣል» ማለት። ሁሉንም ያጥፉ፤ በዲጂታል ቆጣሪው ላይ ያለችው ቀይ መብራት መብለጭለጯን ከቀጠለች የተረሳ ዕቃ፣ የኤሌክትሪክ መፍሰስ ወይም ከእርስዎ መስመር የተቀጠለ ሽቦ አለ ማለት ነው። ከቆመች ባለ 2000 ዋት የውሃ ማፍያ ብቻ ሰክተው ብልጭታውን ለአንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ቆጣሪው ላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1600 ብልጭታ ተብሎ ከተጻፈ 53 አካባቢ መምጣት አለበት። ሙከራውን ማታ አያድርጉት፤ ኃይሉ ሲወርድ ማፍያውም ከተጻፈበት ያነሰ ስለሚስብ ቁጥሩ ያሳስትዎታል። ቀን ላይ 70 ከደረሰ ብልጭታውንና ንባቡን በቪዲዮ ቀርጸው ከቢሉ ጋር ያመልክቱ።