ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ጭንቅላት አብሮ እንዳይዘጋ፦ የክረምት መመሪያ ለወላጆች

ሰኔ ሲጋመስ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል። "ቲቸር፣ ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ ቢከፈት ምናለበት?" ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በፈረቃ የሚሠሩ እናቶች ናቸው። ጠዋት ልጆቹ ሳይነሱ ይወጣሉ። ማታ ሲመለሱ ደግሞ ልጆቹ የት እንደዋሉ አያውቁም። እውነት አላቸው። ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን ተደምረው ለሠራተኛ ወላጅ ረጅም ናቸው።

እኔ ሀዋሳ ውስጥ አምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ክረምት ልጅን ምን እንደሚያደርገው መስከረም ላይ ሰሌዳው ላይ አየዋለሁ። ሰኔ ላይ ሁለት ሦስተኛና አንድ አራተኛን ደምሮ አሥራ አንድ አሥራ ሁለተኛ ያለኝ ልጅ፣ መስከረም ላይ የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ይደምርና "ሦስት ሰባተኛ!" ይለኛል። ያውም በኩራት። የመስከረም ወር ግማሹ ያለፈውን ዓመት በማስታመም ያልቃል።

እንዲያም ሆኖ ዓመቱን ሙሉ ይከፈት አልልም። ለምን እንደማልል ልንገራችሁና ቤት ውስጥ ምን መደረግ እንዳለበት እንሂድ።

ክርክሩን ቶሎ እንጨርስ

አሜሪካ ውስጥ "ዓመቱን ሙሉ" የሚባለው ትምህርት ብዙ ጊዜ አንድም ተጨማሪ ቀን የለውም። በጣም የታወቀው አሠራር 45 ቀን ትምህርት፣ 15 ቀን እረፍት ነው። ይሄ አራት ጊዜ ይደጋገማል። 45 በ4 ሲባዛ 180። ረጅም እረፍት የሚሰጡት ትምህርት ቤቶቻቸውም የሚያስተምሩት 180 ቀን ገደማ ነው። እረፍቱ ተቆራረጠ እንጂ ትምህርቱ አልጨመረም። ሎስ አንጀለስን የመሳሰሉ ከተሞች ደግሞ ወደዚህ የገቡት ክፍል ስለጠበባቸው ነው። ተማሪውን በቡድን ከፍለው አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይማር ነበር። የጠዋትና የከሰዓት ፈረቃ ያስተማረ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

መርሳቱ ግን ተረት አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ የታተመ፣ 39 ጥናቶችን ያየ ግምገማ ልጆች ከረጅሙ እረፍት ሲመለሱ በአማካይ የአንድ ወር ትምህርት ያህል ወደ ኋላ ቀርተው እንደሚገኙ ጽፏል። ከንባብ ይልቅ ሒሳብ ላይ ይብሳል። ኋላ ላይ የመጡ ተመራማሪዎች ቁጥሩ እንደ ፈተናው ዓይነት ይለያያል ብለው ተከራክረዋል። ይከራከሩ። እኔ ሦስት ሰባተኛውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ታዲያ ለምን አይከፈትም? አንደኛ ነሐሴ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አስተምራችሁ ታውቃላችሁ? ዝናቡ ሲወርድ ድምፄ ሦስተኛው ወንበር ጋ አይደርስም። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ያለው ምርጫ ዝም ብሎ ሰሌዳ መገልበጥ ብቻ ነው። ሁለተኛ ብዙ መምህራን ዲግሪያቸውን የሚማሩት በክረምት ነው። ክረምቱን ከወሰዳችሁባቸው መቼ ይማሩ? ሦስተኛ አንዳንዱ ልጅ የመስከረምን ደብተርና ጫማ የሚገዛው ክረምት ላይ በቆሎ ጠብሶ ወይ ሊስትሮ ሠርቶ ነው። ይሄ መሆን ነበረበት ወይ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ግን ሆኗል።

በእኛ በኩል ብዙም የማይነሳ ሌላ ነገርም አለ። በዳሌና በአለታ ወንዶ በኩል የቡና ለቀማ የሚደርሰው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ማለትም ትምህርት በደራበት ሰዓት። እዚያ የሚያስተምር ጓደኛዬ ኅዳር ላይ ክፍሉ ግማሹ ባዶ እንደሚሆን ይነግረኛል። ስለዚህ ማንም ቢጠይቀኝ የምመልሰው ይህንን ነው፦ ከክረምቱ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀንሱ፣ ቡና ባለበት ለኅዳር ስጡት፣ ከተማ ላይ ለገናና ለፋሲካ ከፋፍሉት። ቀኑ አይጨምር፣ ቦታው ይቀየር። ግን እስካሁን ማንም አልጠየቀኝም። ስለዚህ ቤታችን እንግባ።

ሰኔ ላይ፣ ሳይዘጋ

መጽሐፍ ለትምህርት ቤቱ ከመመለሱ በፊት ስልካችሁን አውጡና የየምዕራፉን መጨረሻ መልመጃዎች ፎቶ አንሱ። ሙሉውን መጽሐፍ ማንሳት አያስፈልግም። ክረምቱን ሙሉ የሚያሠራ ጥያቄ እዚያው አለ።

ሁለተኛው ነገር ደብተር ነው። እባካችሁ ያለቀውን ደብተር ለሱቅ ቆሎ መጠቅለያ አትስጡ። ቢያንስ እስከ ጥቅምት አቆዩት። ልጁ "እንዴት ነበር?" ሲል የሚመለስበት የራሱ ጽሑፍ ይሻለዋል፤ ከማንም ማብራሪያ በላይ የራሱን እጅ ጽሑፍ ያምናል።

መምህሩን ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ። "ልጄ የከበዱት ሁለት ነገሮች ምንድን ናቸው?" ደረጃውን አትጠይቁ። ደረጃ ሦስተኛ ወጣ ማለት ነሐሴ ላይ ምን እንደምታሠሩት አይነግራችሁም።

ምን ያህል ይበቃል?

የሐምሌ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም። በቃ ይጫወት፣ ይተኛ፣ አያቱ ጋ ይሂድ። ከዚያ በሳምንት አራት ጠዋት፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት አስቀምጦ ማሠራት ያንን አይተካም። በቀን በቀን ትንሽ ትንሽ የተሠራ ነገር ከአንድ ጊዜ ብዙ ይልቅ ጭንቅላት ውስጥ ይቆያል።

አሠራሩም ወሳኝ ነው። ልጆች "አጥና" ሲባሉ ደብተር ገልጠው ያነባሉ። ያ ለዓይን ደስ ይላል እንጂ ብዙ አይጠቅምም። ደብተሩ ይዘጋ። ባዶ ወረቀት ይውጣ። ሦስት ጥያቄ ይሥራ፤ አንዱ ከቅርብ ምዕራፍ፣ አንዱ ከመካከል፣ አንዱ ከመጀመሪያው። ሲጨርስ ደብተሩን ከፍቶ ራሱ ያርም። የተሳሳተውን ከሦስት ቀን በኋላ መልሱለት። እናንተ ሒሳብ ባታውቁም ይሄን ማድረግ ትችላላችሁ። ቤት የምትውሉ ካልሆነ ታላቅ እህት ወይም የጎረቤት ልጅ ይያዘው። ወረቀቱን ማታ አንዴ እዩት፣ ቀን ይጻፍበት፣ ይበቃል።

ዝናቡን እናስተምርበት

ይሄኛው የምወደው ነው፤ ትንሽ ልቆይበት። አንድ ባዶ ሃይላንድ ፈልጉ። ጎኑ ቀጥ ያለ ይሁን፣ ወገቡ የገባው አይሆንም። አንገቱ ሰፍቶ ከሰውነቱ ጋር እኩል ከሆነበት ቦታ ላይ ቁረጡት። የተቆረጠውን አናት ገልብጣችሁ እንደ ማጥለያ መልሳችሁ ክተቱት፤ ክዳኑ መውለቁን አትርሱ። የላስቲኩ ታች ወጣ ገባ ስለሆነ ጥቂት ጠጠር ጨምሩና ውሃ ሙሉበት፣ ቀጥ ያለው ጎን እስኪጀምር ድረስ። እዚያ ላይ በእስክሪብቶ መስመር አስምሩ። ያ ዜሮ ነው። ማስመሪያውን ዜሮው ከመስመሩ ጋር እንዲገጥም አድርጋችሁ በፕላስተር ለጥፉት።

ከጣሪያና ከዛፍ ርቆ ሜዳ ላይ ይቀመጥ። ነፋስ እንዳይጥለው ዙሪያውን በድንጋይ ደግፉት። ልጁ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስንት ሚሊሜትር እንደዘነበ አንብቦ ይጽፋል፣ ከዜሮ በላይ ያለውን ይደፋል። ሰዓቱ አይለዋወጥ። መጀመሪያ ሰሞን ሚሊሜትርና ሴንቲሜትር ይደባለቁበታል። ይደባለቅ፤ ትምህርቱ እሱ ነው።

አሁን ጨዋታው ይመጣል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ ልክ አንድ ሊትር ነው። ቤታችሁ 8 በ5 ሜትር ከሆነ ጣሪያው 40 ካሬ ይሸፍናል። ማታውን 10 ሚሊሜትር ከጣለ 400 ሊትር ማለት ነው። ሁለት በርሜል! ወይም 20 ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን። የተወሰነው ቢፈስም ብዙ ነው። ቧንቧ በሚጠፋበት ሰፈር የሚኖር ልጅ ይሄን ሲያሰላ ፊቱ ይለወጣል። አንዱ ተማሪዬ አባቱን አሸንዳ አስገዝቷል። በሳምንቱ መጨረሻ ድምሩን፣ አማካዩን፣ ከቻለ ባር ግራፉን ይሥራ። ማባዛት፣ አስርዮሽ፣ ስፋት፣ አማካይ፤ የሲላበሳችን ግማሽ በአንድ ላስቲክ ውስጥ ገባ።

ቡና ሲቆላም ዝም ብላችሁ አትለፉ። ጥሬውን ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝኑ፣ ከቆላችሁ በኋላም እንደገና። እንበል 500 ግራም የነበረው 420 ሆነ። 80 ግራም የት ሄደ? ልጁ ይገምት። አብዛኛው በእንፋሎት የወጣ ውሃ ነው። 80 ለ500 ሲካፈል 0.16፣ ማለትም 16 በመቶ። ፐርሰንት ምን ያደርጋል የሚል ልጅ ካለ አፍንጫው ያውቀዋል።

ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ከሄዳችሁ ደግሞ ሒሳቡን ለልጁ ተዉለት። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በኪሎ ስንት ነው፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ስንት ይሆናል፣ ከ1,000 ብር ስንት ይመለሳል? ሻጩ ከመናገሩ በፊት ይበል። መጀመሪያ ቀን ይዘገያል፣ ከኋላ የቆመው ሰው ያጉረመርማል። ችላ በሉት። በነገራችን ላይ ሐይቁ ዳር ብቻቸውን እንዳይሄዱ። ጉማሬ አለ፣ ደግሞም ዋና ያልተማረ ልጅ ጓደኞቹ ፊት አልችልም አይልም።

ቡሄ ላይ የሰፈር ልጆች ያገኙትን ብር ሲካፈሉ ደግሞ ጠጋ በሉ። ለሰባት የማይካፈል ብር ሲተርፍ የሚነሳው ክርክር ከእኔ የቀሪ ትምህርት ይበልጣል። ዝም ብላችሁ ስሙ፣ አታስታርቁ።

ንባብ

እዚህ ላይ ብዙ አልልም። በቀን 20 ደቂቃ፣ ጮክ ብሎ፣ ለታናሹ ወይም ለአያት ያንብብ። ጋዜጣም ይሆናል፣ የጸሎት መጽሐፍም ይሆናል፣ የመድኃኒት ወረቀትም ይሆናል። በሳምንት አንዴ ቃል ጽሕፈት። በሲዳምኛ የሚማር ከሆነ በሲዳምኛ፣ በአማርኛም ጨምሩለት። ሀዋሳ ለሚያድግ ልጅ ሁለቱም ያስፈልጉታል።

የክረምት ትምህርት ከመክፈላችሁ በፊት

ክረምት ላይ በየአጥሩ የማጠናከሪያ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ጥሩ አለ፣ የልጅ ማቆያም አለ። ልጅ ማቆያ ነውር አይደለም፤ ለሚሠራ ወላጅ ያስፈልጋል። ግን ምን እንደምትገዙ እወቁ። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ አለ? ልጄ የሚጀምረው ከየት እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ? እነዚህን ጠይቁ። "የሚቀጥለውን ክፍል ቀድመን እንጨርሳለን" ካሏችሁ ወደ ኋላ በሉ። ስድስተኛ ክፍልን ነሐሴ ላይ የሰማ ልጅ መስከረም ላይ "አውቀዋለሁ" ብሎ ጆሮውን ይዘጋብናል። የአምስተኛው ክፍልፋይ ግን እንደተወዘፈ ነው። እኔ የሰፈር ልጆችን ሳስተምር ወደፊት አልሄድም፣ ያለፈውን ነው የማጠብቀው። ወላጆች አንዳንዴ ይቀየሙኛል።

ገንዘብ ከሌለ አራት አምስት ጎረቤት ተነጋገሩ። ሰኞ እትዬ እገሌ ቤት፣ ማክሰኞ እናንተ ቤት። የሚያስተምር ሳይሆን የሚያስቀምጥ ትልቅ ሰው ነው የሚያስፈልገው። አስተማሪው የተዘጋው ደብተርና ባዶው ወረቀት ነው።

ጳጉሜን

በጳጉሜን ቀናት ሰኔ ላይ መምህሩ የነገሯችሁን ሁለት ከባድ ነገሮች አውጡ። ከእያንዳንዱ አምስት ጥያቄ ስጡት፣ ደብተር ዝግ፣ ስልክ ዝግ። ውጤቱ ምንም ይሁን አትቆጡ፣ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉት፦ "መደመር በተለያየ ታች፣ ከ5 ሁለት አግኝቷል።" መስከረም ላይ ያንን ወረቀት ለአዲሱ መምህር ስጡ። የመጀመሪያው ቀን ግርግር ነው፤ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ክፍሉ ሲለቀቅ ሂዱ። እኔ ጋ ከመጣችሁ ወረቀቱን ሮስተሩ ውስጥ እሰካዋለሁ፣ ልጃችሁን የትኛው ወንበር ላይ እንደማስቀምጠውም በሱ እወስናለሁ።